እማዬ በትራንስፎርመሬ በሽተኛ ጠየቀችበት

ይህ በኢንተርኔት መድረክ ላይ የተካሄደ የአንድ ክር፣ ማለትም የመልስ ቅብብል፣ ታሪክ ነው፤ የመክፈቻውን ጽሑፍ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ቅዳሜ ማታ ነበር፤ ንዴቱም ገና አልበረደልኝም። ከሥራ ስመለስ መደርደሪያዬ ላይ ባዶ ቦታ አየሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ ከነካርቶኑ የኖረው ኦፕቲመስ ፕራይም፣ ወደ ጭነት መኪና የሚለወጠው የትራንስፎርመርስ ሮቦት አሻንጉሊት፣ የለም። እማዬን ጠየቅኋት። ቡና እየቆላች ነበር፤ ቀናም አላለች። የጎረቤታችን ልጅ ማሙሽ ከማንጎ ዛፍ ወድቆ ክንዱ ተሰብሯል። ጀሶ ታስሮለታል። ልትጠይቀው ሄደች። ባዶ እጅ ደግሞ አይኬድም። የፍራፍሬው ሱቅ ሩቅ ነው፤ የእኔ መደርደሪያ ቅርብ ነው። ስለዚህ አይሱዙውን ይዛለት ሄደች።

አይሱዙ የምትለው ኦፕቲመስ ፕራይምን ነው።

ካርቶኑን ግን አስቀርታዋለች። ጠንካራ ስለሆነ ክርና መርፌ ልታስቀምጥበት ነው። ለሌላ ሰው ይህ ምንም አይደለም። ለሰብሳቢ ግን በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ነው።

ጥያቄዬ አጭር ነበር። ለበሽተኛ መጠየቂያ የተሰጠ ነገር ይመለሳል ወይ? የሚመለስ ከሆነስ በምን አፍ ይጠየቃል? አሥራ አራት ሮቦት እንዳለኝ፣ ከነሱ ውስጥ ኦርጅናሎቹ ሦስት ብቻ እንደነበሩ፣ አሁን ሁለት እንደቀሩ ጨመርኩበት። ርዕሱን «ትራንስፎርመራችን ተወሰደ» አልኩት። እዚህ ላይ ነው የተሳሳትኩት።

መልስ 1 የመጣው አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ነው። ጸሐፊው ከየትኛው ሰፈር እንደሆንኩ ጠየቀ። እነሱም ሰፈር ከሐሙስ ጀምሮ መብራት የለም። መልስ 2 የነዋሪ ፊርማ አሰባስበን አቤቱታ እንድናስገባ መከረ፤ አቤቱታው እንዴት እንደሚጀመር ሳይቀር ጻፈልኝ። መልስ 3 ሌቦቹ የፈለጉት ዘይቱን ነው ወይስ መዳቡን የሚል ምርመራ ጀመረ። ሦስቱም ከልባቸው አዝነውልኛል። ከርዕሱ በታች ያነበበ ግን አንድም የለም። ባሕር ዳር ላይ ትራንስፎርመር ሲባል ምሰሶ ላይ የተሰቀለው እንጂ ወደ መኪና የሚለወጠው ሮቦት እንደማይታሰብ እኔም ማወቅ ነበረብኝ።

መልስ 4 ላይ አንዲት እህት ነገሩን አስተካከለችው። እጅግ በትሕትና፣ ስለ መብራት ሳይሆን ስለ አሻንጉሊት እያወራሁ መሆኑን ለሦስቱ አስረዳች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። በእሷ አስተያየት ለታመመ ሰው የገባ ነገር እንደ ስለት ነው፤ አይነካም። ልጁን ሄጄ ጠይቄ፣ መርቄ፣ ቡና ጠጥቼ እንድመለስ መከረችኝ። ሮቦቱን ለማየት ግን መብት እንዳለኝ ጨመረች። ይህን ያነበብኩት ሦስቴ ነው። ማየት የሚለው ቃል አጽናናኝ።

መልስ 5ን የጻፈውን ሰው በሆዴ ሊቁ ብዬዋለሁ። በየክሩ አንድ እንደሱ ያለ አይጠፋም። መጀመሪያ የጠየቀኝ የትኛው ኦፕቲመስ እንደሆነ ነው። ቮያጀር የሚባለው መጠን ነው፤ ሲቆም ወደ 18 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ መኪናው አፍንጫ የሌለው ጠፍጣፋ ገቢና ነው አልኩት። እንዲያ ከሆነ እናቴን እንዳልስቅባት ነገረኝ። በ1984 እ.ኤ.አ. የወጣው የመጀመሪያው ኦፕቲመስ ጠፍጣፋ ገቢና ያለው ጭነት መኪና ነበር። በ2007ቱ ፊልም የመጣው ረጅም አፍንጫ ያለው ፒተርቢልት 379 ነው። ስለዚህ በመልክ ብቻ ከሄድን የእማዬ አይሱዙ ከፊልሙ መኪና ይልቅ ለዋናው ይቀርባል። ይህን ለእማዬ አልነገርኳትም።

ከዚያ ሊቁ ታሪኩን ዘረገፈው። ረጅም ነበር፤ ግን ጥሩ ነበር። ሮቦቶቹን መጀመሪያ የሠራቸው የአሜሪካው ሃስብሮ ሳይሆን የጃፓኑ ታካራ ነው። ታካራ ሁለት የተለያዩ መስመሮች ነበሩት። በ1980 የጀመረው ዲያክሎን ይባል ነበር፤ ሮቦቶቹ ነፍስ የላቸውም፤ ውስጣቸው ትንንሽ ሰዎች ተቀምጠው የሚነዷቸው ማሽኖች ናቸው። ሁለተኛው በ1983 የመጣው ማይክሮ ቼንጅ ነው፤ እሱ ደግሞ ቤት ውስጥ ያሉ ዕቃዎች ሮቦት ሲሆኑ ነው፤ ሽጉጥ፣ የካሴት ማጫወቻ። ሃስብሮ ሁለቱን ደባለቀና በ1984 ትራንስፎርመርስ ብሎ አወጣቸው። አንዱ ጭነት መኪና፣ ሌላው በእጅ የሚያዝ ካሴት ማጫወቻ ሆነው እኩል ቁመት ይዘው የሚዋጉት ለዚህ ነው። ልጅ ሆኜ ይህ ሁልጊዜ ያስቸግረኝ ነበር፤ የሚያስረዳኝ ግን አልነበረም። ነፍስና ጠባይ የተሰጣቸውም ያኔ ነው። ሃስብሮ ማርቭል ኮሚክስን አማከረ፤ ኦፕቲመስ ፕራይም የሚለውን ስም ዴኒስ ኦኒል አወጣው፤ የአብዛኞቹን የሌሎቹን ስም ደግሞ ቦብ ቡዲያንስኪ።

መልስ 6 አጭር ነበር፤ ከሁሉም የከበደኝም እሱ ነው። ጸሐፊው የሊቁን 1984 ወደ እኛ አቆጣጠር መለሰው፤ 1976 እና 77። በ77 አባቱ በሰፈራ ከወሎ ወደ ፓዌ መጡ። ያን ጊዜ የእሱ ዕድሜ ሮቦት የሚያምረው ዕድሜ ነበር። ማንንም አልወቀሰም። ዓመቱን ብቻ አስታወሰን።

ለግማሽ ሰዓት ያህል ማንም አልጻፈም። መልስ 7 ግን ሾለ። ሁሉ ነገር በ77 ከተመዘነ ኳስም አይታይም፣ ሠርግም አይደገስም አለ። እውነት አለው፤ አነጋገሩ ግን ደስ አላለኝም። ሊቁ ተመልሶ መልስ 6ን ይቅርታ ጠየቀ፤ እ.ኤ.አ. ማለቱን እንጂ ዓመቱ ለሌላ ሰው ምን እንደሆነ አላሰበም ነበር። መልስ 6 በአውራ ጣት ምልክት ተቀበለው። ከዚያ በኋላ ነው ከልጅነት ጀምሮ አንድ ብቻ መግዛት የሚፈልገው ሮቦት እንዳለ የጻፈው፤ ቢጫው፣ ቮልሱ።

ቮልስ ሲነሳ ክሩ በአንዴ ሞቀ። መልስ 10 እና 11 የማን አባት ቮልስ እንደነበራቸው፣ ሞተሩ ከኋላ ስለሆነ ዳገት ላይ እንዴት እንደሚጎትት ተረኩ። አንዱ ከጎንደር ባሕር ዳር በቮልስ ስድስት ሆነው እንደመጡ ይምላል። ወጣቶቹ ግን ግራ ገባቸው፤ እነሱ የሚያውቁት ባምብልቢ፣ ማለትም ቢጫው ሮቦት፣ ካማሮ የሚባል የስፖርት መኪና ነው። ሊቁ አስታረቃቸው። በ1984 ባምብልቢ ቢጫ ቮልስ ነበር፤ ካማሮ የሆነው በ2007 ፊልም ነው። መልስ 12 ያ ቮልስ ካማሮ የሆነ ዕለት ልጅነታችን ተሸጠ ብሎ አዘነ። እኔ እንኳን ይህን ያህል አልሄድም። ፊልሙን ያየሁት በሚሌኒየሙ ዓመት፣ ቪዲዮ ቤት ውስጥ፣ ከታላቅ ወንድሜ ጋር አንድ ወንበር ላይ ተጣበን ነው። ካማሮው ሲቆም ቤቱ በፉጨት ነበር የፈረሰው።

መልስ 13 ባጃጅ ነጂ ነው። በጣም ወደድኩት። ከቅዳሜ ገበያ የገዛውን ፎርጅድ ኦፕቲመስ መሪው ፊት ለፊት አስሮት ሁለት ዓመት ነድቷል። ከተማችን 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ፀሐዩ ቆዳ ይልጣል። ቀዩ ኦፕቲመስ መጀመሪያ ብርቱካንማ፣ ቀጥሎ ሮዝ ሆነ። ነጩ ቦታ ደግሞ እንደ አጫሽ ጥርስ ቢጫ ሆነ። ሆኖም ልጅ ይዘው የሚሳፈሩ እናቶች የእሱን ባጃጅ ይመርጣሉ፤ ልጁ አያለቅስም። ችግሩ መውረጃ ላይ ነው። አንድ ሕፃን ኦፕቲመስን አቅፎ አልወርድም ብሎ ከአባይ ድልድይ እስከ ፓፒረስ አካባቢ ድረስ ደርሶ መልስ ሄዷል፤ ሒሳብ የተከፈለው ግን የአንድ ጉዞ ብቻ ነው።

ይህ መልስ ሁለት ዓይነት ሰው ቀሰቀሰ። የመጀመሪያው መልስ 14 ነው። የሳጥን ሰው ነው፤ ፈጽሞ አይከፍትም። ሮቦት ከካርቶኑ ከወጣ ቀን ጀምሮ ይሞታል ይላል። ፀሐይ፣ አቧራ፣ የእጅ ላብ፣ የእንግዳ ልጅ። ከአራቱ የመጨረሻው ይብሳል። እኔም የሱ ሰው ስለነበርኩ እያነበብኩ ራሴን ነቀነቅሁ። ወዲያው መልስ 15 ውሃ ቸለሰብን። ፖሊ በሚባለው የቴክኖሎጂ ካምፓስ የምትማር ልጅ ናት። ቢጫነቱ እውነት ከፀሐይ ነው፤ ሙቀትም ያግዘዋል። ግን ሳጥን ሁሉንም አያድንም። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻና ከዚያ በኋላ በወርቃማ ቀለም ከተሠሩት አሻንጉሊቶች መካከል ፕላስቲኩ ራሱ በሽታ ያለበት አለ። የወርቅ ብናኝ የተቀላቀለበት የሚመስለው ያ ውብ ፕላስቲክ በጊዜ ብዛት እንደ ብስኩት ይፈረፈራል። ካርቶኑ ተከፈተ አልተከፈተ ለውጥ የለውም። ሰብሳቢው 30 ዓመት ጠብቆ ሲከፍት የሚያገኘው ፍርፋሪ ነው። ሳጥን ያቆየው የመሰለውን ሳጥን ውስጥ ሞቶ ያገኘዋል።

መልስ 14 አልመለሰላትም። ከዚያ ወዲህም አልጻፈም። ምናልባት ወርቃማ ሮቦት ነበረው።

እስከዚህ ድረስ ጨዋታው ጥሩ ነበር። መልስ 16 አበላሸው። ጸሐፊው ሒሳብ ይወዳል። ሮቦቴ አሜሪካ 35 ዶላር አካባቢ እንደሚሸጥ አገኘ። ከሐምሌ 2016 በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ ሮቦቱ 2,000 ብር ይሆናል። ብር ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ዶላሩ ከ100 አለፈ፤ ያው ሮቦት ከ3,500 በላይ ሆነ ማለት ነው። እስከዚህ ትክክል ነው። ቀጥሎ ግን በዚህ ገንዘብ ምን ምን እንደሚሸመት ዘረዘረ። ከዚያ ሠላሳ ዓመት የሞላው ወንድ የሚገዛው አሻንጉሊት ለገዛ ልጁ መሆን እንዳለበት፣ እናቴ ሮቦቱን የሰጠችው የልጅ ልጅ ስላጣች እንደሆነ ጻፈ። በመጨረሻ ማሙሽ ጤና ይስጠው አለ፤ ለእኔ ግን ሐኪም ፈለገልኝ።

መልስ 17 የእኔ ነው። ባልጻፍኩት ይሻል ነበር። ሰውዬው በወር ለቢራና ለጨዋታ ውርርድ ስንት እንደሚያወጣ ጠየቅሁት፤ ሳላውቀው። ሮቦቱንም አልገዛሁትም። ወንድሜ ነው ከሚኒሶታ በሰው እጅ የላከልኝ። ያልከፈትኩትም ለዋጋው ብዬ አይደለም። ስመጣ አብረን እንከፍተዋለን ብሎኝ ነበር። ወጥቶ ከሄደ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ይህን የመጻፍ ሐሳብ አልነበረኝም፤ አመለጠኝ።

መልስ 18 ሴትዮ ናት፤ እሷም ትሰበስባለች። እንደ ሽማግሌ መሃል ገባች። መልስ 16ን ሒሳቡ ልክ ነው፣ አፉ ግን ልክ አይደለም አለችው። እኔንም ገሠጸችኝ፤ የማላውቀውን ሰው ቢራ መቁጠር ነውር ነው። ቀጥላ የራሷን አወጣች። ቁም ሣጥኗ ውስጥ፣ ከነጠላዎቿ በስተኋላ፣ ሃያ ስድስት ሮቦት አለ። ባሏ ያውቃል፤ አማቷ አያውቁም። አብዛኞቹ ፎርጅድ ናቸው። ፎርጅድ መሆናቸውን የሚያሳውቋት ዊንጮቹ ናቸው፤ ዝገት ይጀምራቸዋል፤ ቀለሙም ከመስመር ያልፋል፤ አንዳንዱ ሁለት ግራ እግር ይዞ ይመጣል። ሁለት ግራ እግር ያለውን ግን ከሁሉ አብልጣ ትወደዋለች፤ እንደሱ ያለ ሌላ ሰው ጋ የለማ።

ማስመሰል ድሮም እንደነበረ የጻፈው ያው ሊቁ ነው። በ1985 ሃስብሮ በሮቦቶቹ ላይ በሙቀት የሚሠራ ትንሽ ተለጣፊ ጀመረ። በጣት ሲያሹት ሙቀቱ ይቀይረውና የቡድኑ ምልክት ብቅ ይላል። ብቅ ካላለ ዕቃው ፎርጅድ ነው። አንዱ ወዲያው ባሕር ዳር ላይ በሚያዝያ ሳይታሽም ይወጣል ብሎ ቀለደ። ቀልዱ ያን ያህል አልነበረም፤ ግን ከመልስ 16 በኋላ የሳቅነው መጀመሪያ እዚህ ላይ ስለሆነ ብዙ ሰው ወደደለት።

ሽጉጡ እንዴት እንደተነሳ አላስታውስም። መልስ 21 ይመስለኛል። የኦፕቲመስ ዋና ጠላት የሆነው የድሮው ሜጋትሮን ዋልተር ፒ 38 የሚባል ሽጉጥ ይሆናል፤ ቁርጥ እውነተኛ ሽጉጥ ነው የሚመስለው። የጸሐፊው አማች አሮጌ ሜጋትሮን ሻንጣ ውስጥ ከትቶ አንድ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ተያዘ። አሻንጉሊት ነው አለ። ለውጠህ አሳይ ተባለ። ለውጦት አያውቅም። ላቡ እየወረደ አንዱን ክንድ አወጣ፤ እግሩ እምቢ አለ። ፈታሹ ራሱ ሊያግዘው ተቀመጠ። በመጨረሻ ሮቦቱ ቆመ፤ ሻንጣው ተዘጋ፤ ሜጋትሮን ግን እዚያው ቀረ። ዛሬ የሚሠሩት ሜጋትሮኖች በብዛት ታንክ የሚሆኑት ያለ ምክንያት አይደለም። ታንክ ኪስ ውስጥ አይገባም።

መልስ 22ን የጻፉት አዛውንት ናቸው፤ አንቱ እላቸዋለሁ። ያደጉት ዘጌ ነው። በሳቸው ጊዜ ልጅ የሚጫወተው በሽቦ መኪና ነበር፤ ጎማው ቆርኪ፣ መሪው ረጅም ሽቦ። ነገር ግን የሚለወጥ አሻንጉሊት የጃፓን ፈጠራ ነው መባሉ አልተዋጠላቸውም። ሐይቁ ዳር ያደገ ልጅ ደንገል አስሮ ትንሽ ታንኳ ይሠራል። ውሃ ላይ ታንኳ ነው። ሲደክመው አውጥቶ ይቀመጥበታል፤ ወንበር ሆነ። ውሃ ጠጥቶ ሲከብድ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ሲደርቅ እሳት ይነድበታል። ሦስት ዓይነት ለውጥ፣ ያለ አንድ ዊንጭ። ሊቁ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያርመው አጣ። የመለሰው እጅ የነሣ ምልክት ብቻ ነው።

መልስ 23 ከመልስ 1 የመጣ ነው። መብራት መጥቷል፤ ፊርማም ማሰባሰብ አላስፈለገም። ሁላችንም እንኳን ደስ ያለህ አልነው። ከዚያ በኋላ ስለ ሮቦቱም መጠየቅ ጀመረ።

እሑድ ከቀትር በኋላ መልስ 4ን ሰምቼ ልጁን ልጠይቅ ሄድኩ። ብርቱካን ይዣለሁ። መልስ 27 ላይ ያየሁትን ጻፍኩ። ማሙሽ መደብ ላይ ተቀምጧል። ግራ ክንዱ በጀሶ ነው። ኦፕቲመስ ጭኑ ላይ ነው፤ የኦፕቲመስም ግራ ክንድ ከትከሻው ወልቋል። አትሳቁ። ከወገብ በታች መኪና ነው፤ ከወገብ በላይ ሰው ነው፤ ወዲያም ወዲህም አይሄድም። ልጁ በአንድ እጁ እየታገለ እዚያ ድረስ አድርሶታል። ስሙን ሲኖ ብሎታል። ሲያየኝ ያቀበለኝ ራሱ ነው፤ እንድመልስለት። ልጁ አፍሮ እንዳይቀር ብዬ ተቀበልኩ። ሃያ ደቂቃ ታገልኩ። አልቻልኩም። ሦስት ዓመት የኔ የነበረውን ሮቦት አንድም ቀን ነክቼው አላውቅም። የልጁ እናት ሻይ አፍልታ መጣች፤ ትሪውን አስቀምጣ እኔንም ሮቦቱንም ዝም ብላ አየችን።

የአሠራር ወረቀቱስ አላችሁኝ። እማዬ ከሰል አቀጣጥላበታለች።

ከዚህ በኋላ ክሩ ጋራዥ ሆነ። ክንዱ ባለ ኳስ መገጣጠሚያ ነው፤ ወልቋል እንጂ አልተሰበረም። መልስ 28 እንደሚለው ተጭኖ ጠቅ ማድረግ በቂ ነው። መልስ 29 ከላላ በኋላ ጠቅ ቢልም ይወድቃል አለ፤ ኳሱን በሱፐር ግሉ ቀብቶ ማድረቅ ይሻላል። መልስ 30 እዚህ ላይ ጮኸ። ሱፐር ግሉ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ከገጠሙት ክንዱ ለዘላለም እዚያው ይቀራል፤ የሱም አንድ ሮቦት እስከ ዛሬ ሰላምታ እንደሰጠ ቆሟል። ሁለቱ እስከ መልስ 34 ተሰዳደቡ። ልጽፈው አልፈልግም። ሴትዮዋ ተመልሳ ገላገለች፤ ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለም ኳሱ ላይ ስስ አድርጎ መቀባት፣ ማታ ትቶ ጠዋት መግጠም። ውፍረት ይጨምርለታል፤ ከበዛም በጥፍር ይላጣል። በአሴቶን እንዳላጥበው ግን ደጋግማ አስጠነቀቀች፤ አሴቶን ፕላስቲኩን ያቀልጠዋል። የፖሊዋ ልጅ ሌላ ክንድ በ3ዲ ማተሚያ ልትሠራልኝ ዝግጁ ናት፤ ነገር ግን ያላት ፒኤልኤ የሚባለው ፕላስቲክ ነው፤ 60 ዲግሪ አካባቢ ይለሰልሳል፤ ፀሐይ ላይ ከዋለ ባጃጅ ውስጥ አይሆንም፤ መደርደሪያ ላይ ይሆናል። ክንዱ ከታተመ ሮቦቱ ፎርጅድ ይባላል አይባልም የሚል ክርክር ሊጀመር ሲል ተኛሁ።

ጠዋት ስነሳ መልስ 41 ጠበቀኝ። ፎቶ የለውም፤ ስም የለውም፤ ከዚህ በፊትም ጽፎ አያውቅም። ሰላምታ እንኳን የለበትም። ደረቱ ላይ ያሉትን መስኮቶች መጀመሪያ ወደ ውጭ ክፈት፤ ጭንቅላቱን አስገባ፤ እግሮቹን የምትነካው በመጨረሻ ነው ይላል። እንደ ወትሮው ከእግር እንደጀመርኩ ገምቷል። ከዚያ አንድ ቃል፤ ሰፈር ውስጥ ማንም የማይጠራኝ ስም። የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ አንድ ወንበር ላይ አብሮኝ የተጣበበው።

እማዬ ሮቦቱን ስለ መስጠቷ ምንም አልጻፈም። አልጠየቅሁትም።

መልስ 42 የመጨረሻዬ ነው። የጥፍር ቀለሙ ከእህቴ ተገኝቷል፤ ኳሱ ደርቋል። ማክሰኞ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ማሙሽ ቤት ነኝ። ሚኒሶታ ያን ጊዜ ጠዋት ነው። ስልኩን የሻይ ብርጭቆ ላይ አስደግፈን በቪዲዮ እንደውላለን። ማሙሽ መስኮቶቹን ይከፍታል፤ ለአንድ እጅ ቀላሉ ሥራ እሱ ነው። ወንድሜ ከዚያ ሆኖ ይመራል። እግሮቹ የኔ ናቸው።

ካርቶኑን አላገኘሁም። የእማዬ ክር በቀለም በቀለም ተለይቶ ገብቶበታል፤ ቀዩ ከላይ ነው።